ብርቅ ታስቦ አይሠራም

በአማርኛ «ብርቅ» ስንል ሁለት ነገር አብረን እንላለን። አንደኛው ማነስ ነው፤ እምብዛም አለመገኘት። ሁለተኛው መገረም ነው። ልጅ አዲስ ጫማ ሲገዛለት «ብርቅ ሆነበት» እንላለን፤ ጫማው ከገበያ ስለጠፋ ሳይሆን ለልጁ ዓይን አዲስ ስለሆነ። ዋልያን «ብርቅዬ» ስንል ደግሞ ሦስተኛ ነገር እንጨምራለን፦ ሌላ ቦታ የለም፣ ከጠፋም አይተካም። የአሮጌ የእጅ ሰዓት ጨረታ ካታሎጎችን እንደ ሥነ ጽሑፍ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ቃል የተነሳ ነው። ሰዓቶቹን የመግዛት አቅሙም ሐሳቡም የለኝም። የሚስበኝ ጽሑፉ ነው። በእነዚህ ካታሎጎች ውስጥ «ብርቅ» ያልተባለ ሰዓት ማግኘት ራሱ ብርቅ ነው።

ካታሎጎቹ የራሳቸው ዘይቤ አላቸው። መጀመሪያ ቅጽሎቹ ይደረደራሉ፤ «እጅግ ጠቃሚ»፣ «እጅግ ብርቅ»፣ «ምናልባትም ብቸኛው»። ቀጥሎ ወርቅ ይሁን ብረት፣ የሞዴሉ ቁጥር፣ የተሠራበት ዓመት ይመጣል። ከዚያ የሰዓቱ ይዞታ፣ ከዚያ ታሪኩ፣ ከዚያ የዋጋ ግምቱ። በዚህ አጻጻፍ ብርቅነት የሰዓቱ ባሕርይ ይመስላል፤ ልክ እንደ ክብደቱ፣ ፋብሪካው ከመጀመሪያው ያስገባበት ነገር። የእኔ ክርክር ተቃራኒው ነው። ብርቅነት በሰዓቱ ላይ በኋላ የደረሰ ነገር ነው። ሠሪው አላሰበውም፣ የመጀመሪያው ገዢም አላወቀውም። ታስቦ ሲሠራ ደግሞ ብርቅነቱ ያጠራጥራል። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥር ብቻውን

«ጥቂት ስለተሠራ ነው ብርቅ የሆነው» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ግን አይበቃም። ፒያሳ ጥግ ላይ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የተቀመጠ ሰዓት ሠሪ ከሦስት የሞቱ ሰዓቶች አንድ የሚሄድ ሰዓት ቢያወጣ፣ በዓለም ላይ መንትያ የሌለው ሰዓት ሠርቷል። ማንም ግን አይጫረትበትም። ማነስ ዋጋ የሚያወጣው ያነሰውን ነገር የሚፈልጉ ሰዎች ሲበዙ ነው። ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው፦ ይህን ያህል ሰው የሚፈልገው ነገር በመጀመሪያ ለምን ጥቂት ብቻ ተሠራ?

ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የጄኔቫ ሰዓት ሠሪ ቤት በ1941 ሞዴል ቁጥር 1518ን ማውጣት ጀመረ። ሰዓቱ ዘላለማዊ ካላንደር የሚባለውን፣ ማለትም ወሩ 30 ይሁን 31 ወይም ፌብሩዋሪ ስንት ቀን እንዳላት በራሱ የሚያውቀውን ማሽን፣ ከክሮኖግራፍ ጋር አጣምሮ ይዟል። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ በተከታታይ የተመረተ የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት ነው። በጠቅላላው 281 ያህል ተሠርተዋል። አብዛኞቹ ወርቅ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰዓት የሚገዛ ሰው የሚጠብቀውም ወርቅ ነበር። ይህን የመሰለ ማሽን በተራ አይዝጌ ብረት ቀፎ ውስጥ ማስገባት ለብዙው ደንበኛ ሐርን በጆንያ መጠቅለል ነው። እንዲህም ሆኖ ጥቂቶች በብረት ተሠሩ። የሚታወቁት አራት ናቸው። ከአራቱ አንዱ በኖቬምበር 2016 ፊሊፕስ ጄኔቫ ላይ ባካሄደው ጨረታ ከ11 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ወጣለት። በጊዜው ለእጅ ሰዓት በጨረታ የተከፈለ ከፍተኛው ዋጋ ነበር።

ብረት ወርቅን በለጠ ማለት ነው። የበለጠው ግን የብረት ዋጋ ስለናረ አይደለም። ወርቁን ሁሉም ሲፈልግ ብረቱን የፈለገው ጥቂት ሰው ስለነበር ነው። ብርቅነቱ የተወለደው ከትናንት አለመፈለግ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከዛሬ መፈለግ። ሁለቱ ካልተገናኙ ሰብሳቢ የሚያሳድደው ሰዓት የለም።

እዚህ ላይ ካታሎጎቹ የሚጠቀሙበትን አንድ ትሑት ቃል ላድንቅ። ጥንቁቅ ካታሎግ «አራት ብቻ አሉ» አይልም፤ «አራት ይታወቃሉ» ነው የሚለው። በዚያ ሁሉ ውዳሴ መካከል እውነተኛዋ ቃል ይቺ ናት። አምስተኛው በአንድ ሽማግሌ መሳቢያ ውስጥ፣ ከዛጉ ቁልፎችና ከማይሠራ ባትሪ ጋር ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ነገ ብቅ ቢል አራቱም ሰዓቶች ምንም ሳይሆኑ ብርቅነታቸው ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ «ብርቅ» የሚለው ቃል ስለ ሰዓቱ የሚናገረውን ያህል ስለ እውቀታችን ወሰንም ይናገራል።

የተጠላው ፊት

ሮሌክስ በ1963 ዴይቶና የተባለውን፣ ለመኪና ተወዳዳሪዎች የታሰበ ክሮኖግራፉን ለገበያ አቀረበ። ከተለመደው ፊት ሌላ፣ ትንንሾቹ ክቦች ውስጥ ለየት ያለ የቁጥር አጣጣልና ጫፋቸው አራት ማዕዘን የሆኑ ምልክቶች ያሉበት ፊትም ነበረው። ገዢው አልወደደውም። ዥጉርጉር ሆነበት። ሱቅ ውስጥ ቶሎ የማይነሳ ዕቃ ሆነ፤ የማይነሳ ዕቃ ደግሞ በብዛት አይታዘዝም።

ተዋናዩ ፖል ኒውማን ግን እሱኑ አሰረ። ሰዓቱን የሰጠችው ባለቤቱ፣ ተዋናይት ጆአን ውድዋርድ፣ በጥንቃቄ እንዲነዳ የምታሳስብበትን አጭር ቃል ጀርባው ላይ አስቀርጻበታለች፤ ሰውየው የመኪና ውድድር ፍቅር ይዞት ነበርና። በ1984 ኒውማን ሰዓቱን ለሴት ልጁ የያኔ ጓደኛ ሰጠው። ሰዓት ስንት እንደሆነ ሲጠይቀው ወጣቱ ሰዓት እንደሌለው ነገረው፤ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያ ሰዓት በኦክቶበር 2017 ኒውዮርክ ላይ 17,752,500 ዶላር ተሸጠ። ገበያው የጠላው ፊትም ዛሬ «ፖል ኒውማን» ተብሎ በተዋናዩ ስም ይጠራል።

«ዋጋውን ያመጣው ዝና ነው» ብትሉ አልከራከርም። ዝና ግን ብቻውን እዚህ አያደርስም። ዝነኞች በየዓመቱ በኩባንያ ክፍያ የሚያስሯቸው ሰዓቶች ሞልተዋል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማን እንደሚፈልጋቸው እንጃ። የኒውማንን ሰዓት ልዩ የሚያደርገው እሱ ራሱ ምን እንደያዘ አለማወቁ ነው። ሚስት የሰጠችው፣ በየቀኑ የሚታሰር፣ ሲያስፈልግ ለሰው የሚሰጥ ዕቃ ነበር። ውድነቱን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ካዝና ውስጥ ይቆልፈው ነበር፤ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ሰዓት ደግሞ ይህን ታሪክ አያገኝም።

የፍቅር ጉዳት

ሰብሳቢዎች ከሁሉ አጥብቀው የሚፈልጉት ፊቱ ያልታደሰ፣ ቀፎው ያልተወለወለ፣ ቆጣሪዎቹ ያልተቀየሩ ሰዓት ነው። ይህ ለብዙ ሰው ግራ ነው። ሰዓት ያሳደሰ ሰው እኮ ተንከባከበው እንጂ አልጎዳውም እንላለን። ግን ቀፎ ሲወለወል ጭረቱ የሚጠፋው ብረቱ ስለሚፋቅ ነው። በተወለወለ ቁጥር ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ጫፎች ስለታቸውን እያጡ፣ አፍ ውስጥ እንደቆየ ከረሜላ እየተድበለበሉ ይሄዳሉ። ፋብሪካዎቹም ራሳቸው ሰዓት ለጥገና ሲገባላቸው የደበዘዘውን ፊት አውጥተው አዲስ ይገጥሙ ነበር። ደንበኛው ተደስቶ ይወጣል። ዛሬ የልጅ ልጁ ያዝናል።

አሮጌ ሰዓት የሚመረምር ሰው ሥራ ከብራና መርማሪ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። በጨለማ እንዲያበሩ ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ ላይ የሚደረገው ቀለም እስከ 1960ዎቹ ድረስ ራዲየም ነበረበት፤ በኋላ በትሪቲየም ተተካ። ሁለቱም ሲያረጁ ይጠይማሉ። የፊቱ ቀለም ሻይ መስሎ የቆጣሪዎቹ ነጭ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ በኋላ መጥቷል። የብራና ሊቅ የቀለሙንና የፊደሉን መለወጥ አይቶ «ይህን ቅጠል ሌላ እጅ ጽፎታል» እንደሚለው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ጉድለት ማዕረግ ያገኘበት ጉዳይ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ ጥቁር ፊቶች ቀለማቸው ፀሐይ መቋቋም አልቻለም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ወደ ቡናማ ተለወጡ፤ አንዱ ቸኮሌት፣ አንዱ እንደተቆላ ቡና። ሰብሳቢዎች «ትሮፒካል» ይሏቸዋል። በደረቁ ካየነው ያልተሳካ ቀለም ነው፤ በጊዜው ደንበኛ መልሶ ቢያመጣው ፋብሪካው ይቅርታ ጠይቆ የሚቀይረው ነገር። አሁን ግን ተጨማሪ የሚከፈልበት እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ሰዓቶች አንድ ዓይነት ፀሐይ፣ አንድ ዓይነት ባለቤት፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ አይገጥማቸውም።

የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል «ይታደስ» ተብሎ በዘመናዊ የዘይት ቀለም ሲደረብበት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አሳዳሹ ክፋት የለበትም፤ የመራው ፍቅር ነው። አዲሱ ሥዕል ያበራል፣ ምእመኑም ደስ ይለዋል፤ የድሮው ሠዓሊ እጅ ግን ከሥር ተቀብሯል። በተቃራኒው፣ ባዶ ቅጠሉ ላይ የመሬት ስጦታ የተመዘገበበት፣ ኅዳጉ ላይ ሰም የተንጠባጠበበት ወንጌል ለታሪክ ተመራማሪ ከንጹሕ ቅጂ ይበልጣል። እድፉ ምስክር ነው።

የእርጅና ፋብሪካ

ገበያ እርጅናን በውድ እንደሚገዛ ከታወቀ እርጅናን የሚያመርት አይጠፋም። በኖቬምበር 2021 ፊሊፕስ ጄኔቫ ላይ አንድ ኦሜጋ ስፒድማስተር አቀረበ። በ1957 ብቅ ካለው ከመጀመሪያው ትውልድ የሆነ፣ ፊቱ በሚያምር ሁኔታ ወደ ቡናማ የተለወጠ ሰዓት ነበር። ግምቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ፍራንክ ነው የተባለው። የተሸጠው ከ3.1 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ነው። በ2023 ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች በመጡ፣ አብዛኞቹ እውነተኛ በሆኑ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑ ይፋ ሆነ። ገዢው ራሱ ኦሜጋ ነበር፤ ለሙዚየሙ። ኩባንያው በነገሩ የሦስት የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት አስታወቀ።

በዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚስቀው በገዢው ነው። እኔ ቆም ብዬ የማስበው «አብዛኞቹ እውነተኛ» በሚለው ላይ ነው። ቀፎው እውነት፣ ማሽኑ እውነት፣ ፊቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ውሸቱ ያለው «አብረን ኖረናል» በሚሉት ላይ ነው። የሰዓቱ ክፍሎች ምስክሮች ናቸው ካልን፣ ይህ በሐሰት ለመመስከር የተሰበሰቡ እውነተኛ ሰዎችን ይመስላል። የፒያሳው ሰዓት ሠሪም ያደረገው ያንኑ ነው፤ ከሦስት ሰዓት አንድ አወጣ። ልዩነቱ እሱ አልዋሸም።

ሰነድስ አይረዳም? ይረዳል። አንዳንድ ፋብሪካዎች፣ ፓቴክን ጨምሮ፣ መዝገባቸውን ገልጠው «ይህ ቁጥር ያለው ሰዓት በዚህ ዓመት ተሠርቶ በዚህ ቀን ተሸጠ» የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫ ይሰጣሉ። ዋናው ሣጥንና የዋስትና ወረቀቱ አብረው ከቆዩ ዋጋው ይጨምራል። መዝገብ የሚያውቀው ግን የልደቱን ቀን ነው፤ ሰዓቱ ከሱቅ ከወጣ በኋላ የኖረውን ኑሮ አያውቅም። ብርቅ ያደረገው ደግሞ ያ ኑሮ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ገዢ የሚገዛው የአንድን ሰው ቃል ነው፤ ቃሉ ከተሰበረ ሦስት ሚሊዮኑ አብሮ ይሰበራል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ሕጋዊና በአደባባይ የሚደረግ። አንድ ብቻ ሠርቶ አንድ ብቻ ነው ማለት። በ2019 ፓቴክ ፊሊፕ ለበጎ አድራጎት ጨረታ ብሎ አንድ እጅግ የተወሳሰበ ሰዓት በብረት ሠራ፤ ፊቱ ላይም «ብቸኛው» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አኖረበት። 31 ሚሊዮን ፍራንክ ወጣለት። ገንዘቡ ለጡንቻ በሽታ ምርምር የታሰበ ነበር፤ ይሄ መልካም ነው፣ የሥራው ጥበብም አያከራክርም። ግን እንደ ሐያሲ ልናገር ከተባልኩ፣ ብቸኝነቱን ፊቱ ላይ የጻፈ ሰዓት ለአንባቢ የሚተወው ሥራ የለም። የብረቱ 1518 እና ይህ ሰዓት ሁለቱም ብረት ናቸው። በመጀመሪያው ብረት መሆን የአንድ ደንበኛ እንግዳ ምርጫ ነበር፤ በሁለተኛው ብረት መሆን የመጀመሪያውን ዝና መጥቀስ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት

በዚህ ገበያ ውስጥ እኛንም በቀጥታ የሚነካ አንድ ሰዓት አለ። በ1954፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስዊዘርላንድን በጎበኙበት ዓመት የተሠራ፣ የእሳቸው የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ነው። ሞዴሉ 2497 ይባላል፤ ዘላለማዊ ካላንደር አለው፣ የጨረቃን መሙላትና መጉደል ያሳያል፣ ፊቱ ጥቁር ነው። ክሪስቲስ በ2015 ጄኔቫ ላይ ሊሸጠው አዘጋጅቶ ሳለ ከቤተሰቡ በኩል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሳና ከጨረታው ወጣ። በሜይ 2017 ተመልሶ ቀረበ፤ ወደ 2.9 ሚሊዮን ፍራንክ ተሸጠ።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሰዓቶች ብርቅ የሆኑት ሳይፈለጉ ቀርተው ነው። ይሄኛው ከልደቱ ጀምሮ የክብር ዕቃ ነው፤ ታዲያ ክርክሬን አያፈርስም? አይመስለኝም። ሠሪው ያሰበው ክብርን ነው። ጨረታ ላይ ያደረሰው ግን ውድቀት ነው። ለሚቀጥል መንግሥት የተሠራ ሰዓት ያለቀ መንግሥት ቅሪት ሆነ፤ ያንን ጄኔቫ ውስጥ ማንም አላቀደውም።

ከሰዓቱ ጋር ሌላም ነገር ያከራክረኛል። «ዘላለማዊ» የተባለው ካላንደሩ የማን ዘላለም ነው? የሚያውቀው የአውሮፓን 12 ወር ነው። ጳጉሜን የሚጽፍበት መስኮት የለውም፤ 13ኛ ወር ላለው አገር ንጉሥ የተሰጠው ካላንደር በየዓመቱ እነዚያን አምስት ወይም ስድስት ቀናት በሌላ ስም ያልፋቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱበትን ቀን እኛ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. እንለዋለን፤ የትም ይሁን የት፣ ሰዓቱ በትክክል እየሄደ ከነበረ 12 ነው የሚያሳየው። ሁለቱም አቆጣጠሮች የሚስማሙት በጨረቃዋ ላይ ብቻ ነው። ባሕረ ሐሳብ አበቅቴ ብሎ የሚያሰላት ጨረቃና በጥቁሩ ፊት ላይ የምትዞረው ጨረቃ አንድ ናት።

ካታሎግ ይህን አይጽፍም፤ እንዲጽፍም አይጠበቅበትም። የካታሎግ ሰዋስው የተለየ ነው። ለጨረታ ቤት «የእገሌ ንብረት የነበረ» የሚለው ሐረግ ዋጋ የሚጨምር ቅጽል ነው፤ «ወርቅ» እንደሚለው፣ «ጥቁር ፊት» እንደሚለው። ለእኛ ግን ያው ሐረግ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ያውም ያላለቀ። «የነበረ» ማለት እስከ መቼ? በማን ውሳኔ ነው «ነው» የነበረው «ነበረ» የሆነው? ከየካቲት 1966 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ስንት ቤት፣ ስንት መሬት፣ ስንት ዕቃ በዚች አንዲት ግሥ ውስጥ እንዳለፈ የሚያውቅ አንባቢ፣ ጄኔቫ ላይ የወደቀውን የጨረታ መዶሻ እንደ ሌላው ታዳሚ ሊሰማው አይችልም። ሰዓቱ ለሰብሳቢዎች ብርቅ የሆነው ታሪክ ስላለው ነው ይባላል። ለእኛ ታሪኩ ገና ክስ ነው።

ስለዚህ «እውነተኛ ብርቅ ሰዓት ምንድን ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ የምሰጠው መልስ ይህን ይመስላል። ሲሠራ ማንም ብርቅ ይሆናል ያላለው፣ ሲኖር ማንም ሊያሳምረው ያልነካው፣ ሲመጣ መንገዱን የሚናገርለት የታመነ ምስክር ያለው። ከሦስቱ አንዱን እንኳ በገንዘብ ወደ ኋላ ሄዶ መሥራት አይቻልም። ገንዘብ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሌሎች ሳያውቁት የጻፉትን ለመግዛት።

ይህ ደግሞ የሚሊየነሮች ወግ ብቻ አይደለም። በየቤታችን የአባት ወይም የአያት ሴይኮ አለ። በብዛት የተመረተ ስለሆነ ጄኔቫ የሚወስደው የለም። ግን መስታወቱ ላይ ያለው ጭረት የየትኛው ሥራ እንደሆነ፣ ማሰሪያው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ፣ ለምን አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይሞላ እንደነበር የሚያውቁ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። ለሠርግ ይታሰር ተብሎ ከመወልወሉ፣ ፊቱም ከመታደሱ በፊት እነሱን መጠየቅ ይሻላል። ብርቅ ታስቦ አይሠራም፤ ታስቦ ግን ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠፋው በጥሩ ሐሳብ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በጥቂት መቶ ብር ነው።